በዘይት የሚሠራ ዲያፍራም ዶዚንግ ፓምፕ፦ አሠራሩን አውቆ ማስነሳት፣ ኤር ማስወጣትና መለካት

የመጠጥ ውሃ ውስጥ ክሎሪን፣ ቦይለር ውስጥ ኬሚካል ተመጥኖ እንዲገባ የሚያደርገው ዶዚንግ ፓምፕ ነው። ከእነዚህ ፓምፖች መካከል ዲያፍራሙን፣ ማለትም ኬሚካሉን የሚገፋውን ተጣጣፊ ሽፋን፣ በዘይት የሚገፋው ዓይነት ጠንካራ ነው፤ ሲያስቸግር ግን ጥፋቱን ያለ ቦታው ፈልገው የሚያባብሱት ብዙዎች ናቸው።

በመጀመሪያ ውስጡን እንወቅ። ሞተሩ በማርሽ በኩል አንድ ፒስተን ያመላልሳል። ፒስተኑ ኬሚካሉን አይነካም፤ የሚመላለሰው ዘይት በሞላበት ክፍል ውስጥ ነው። ወደ ፊት ሲሄድ ዘይቱ የቴፍሎኑን ዲያፍራም ይገፋል፣ ዲያፍራሙም ኬሚካሉን በላይኛው የኳስ ቫልቭ ያስወጣል። ፒስተኑ ሲመለስ ዲያፍራሙ ይከተለዋል፣ በታችኛው ቫልቭ አዲስ ኬሚካል ይገባል። የዘይቱና የኬሚካሉ ግፊት ከግራና ከቀኝ ስለሚመጣጠን ዲያፍራሙ ከፍ ባለ ግፊት ላይም አይጨነቅም። በዘንግ የሚገፋው ርካሽ ዓይነት ላይ ግን ዲያፍራሙ ጫናውን ብቻውን ይሸከማል።

መጠኑ ተራ ሒሳብ ነው። ዲያሜትሩ 20 ሚሊሜትር የሆነ ፒስተን በአንድ ምት 20 ሚሊሜትር ከተጓዘ 6.28 ሚሊ ሊትር ይገፋል። በደቂቃ 100 ምት ከመታ 628 ሚሊ ሊትር፣ በሰዓት ወደ 37.7 ሊትር ይሆናል። በተግባር ከዚህ ያንሳል፤ ቫልቮቹ እስኪዘጉ ትንሽ ወደ ኋላ ያሾልካሉ፣ ዘይቱም በግፊት ትንሽ ይታመቃል።

1. መስመሩን መዘርጋት

የመሳቢያ ቱቦው አጭር ይሁን፤ ውፍረቱም ከፓምፑ አፍ አንድ ደረጃ ይብለጥ። ማጣሪያ ይግባበት። የኬሚካሉ ታንከር ከፓምፑ ከፍ ቢል ይመረጣል፤ በተለይ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ማለትም በረኪና፣ ራሱ ጋዝ ስለሚፈጥር ከታች ወደ ላይ መሳብ ጣጣ አለው። የመግፊያው፣ ማለትም ኬሚካሉ የሚወጣበት መስመር፣ ግፊት ከመሳቢያው ካልበለጠ ኬሚካሉ ፓምፑ ሳይገፋው በራሱ ይፈሳል። ልዩነቱ 1 ወይም 2 ባር እንዲሆን መግፊያው ላይ የተቃራኒ ግፊት ቫልቭ ይታሰራል። በቫልቩና በፓምፑ መሃል ጌጅ፣ ማለትም የግፊት መለኪያ፣ አይቅር፤ ያለ ጌጅ የሚደረግ ማስተካከያ ግምት ነው።

2. ዘይት መሙላትና ኤር ማስወጣት

የመኪና ፍሬን ኤር ሲይዝ ፔዳሉ ሰምጦ መኪናው አይቆምም። እዚህም ያው ነው፦ ዘይቱ ውስጥ አየር ካለ ፒስተኑ አየሩን ያምቃል፣ ዲያፍራሙ ግን አይነቃነቅም። ፓምፑ እየዞረ ምንም አይሰጥም።

አምራቹ ያዘዘውን ዘይት ቀስ ብለው እስከ ምልክቱ ይሙሉ፤ ቶሎ ማፍሰስ አረፋ ያስገባል። ከዚያ ሞተሩን በማቀዝቀዣ ፋኑ በኩል በእጅ ጥቂት ዙር አዙሩት፤ በእርግጥ ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ። በኤር ማስወጫው ወይም በመሙያው አፍ በኩል አረፋ ይወጣል። አረፋው ሲቆም ዘይቱን ደግመው ይሙሉ። ቀጥሎ የመግፊያ መስመሩን ከፍተው ያለ ግፊት ያስነሡት፤ የምት ማስተካከያውን ከዝቅተኛው ጀምረው ወደ 100 በመቶ ከፍ ያድርጉ፣ ጥቂት ደቂቃም ይሂድ። ዘይቱ ሲሞቅና ሲናወጥ የተደበቀው አየር ስለሚወጣ፣ የዘይቱን ልክ ደግሞ ማየት ግድ ነው።

3. የማስተንፈሻ ቫልቩን ማስተካከል

አብዛኛው ስህተት የሚፈጸመው እዚህ ነው። የዘይት ክፍሉ ሁለት ትናንሽ ቫልቮች አሉት። አንደኛው ግፊት ሲበዛ ዘይቱን ወደ ማጠራቀሚያው ይመልሳል፤ ማስተንፈሻ ነው። ሁለተኛው በፒስተኑ ዙሪያ ሾልኮ የጎደለውን ዘይት ይተካል፤ መሙያ ነው።

ማስተንፈሻው ከሥራ ግፊቱ 10 በመቶ ያህል ከፍ ይበል። ሥራው 10 ባር ከሆነ 11 ባር ላይ ይከፈት። መጀመሪያ ብሎኑን ያላሉ፤ ፓምፑ እየሠራ የመግፊያውን ቫልቭ ከጌጁ ወዲያ ቀስ ብለው ይዝጉ፣ ከዚያ ጌጁን እያዩ ብሎኑን በሩብ ዙር በሩብ ዙር ያጥብቁ።

አሁን ዋናው ነገር። ፓምፑ የሚሰጠው ሲያንስ ማስተንፈሻው በየምቱ ዘይት ይተፋል። ባለሙያው «ላልቷል» ብሎ ያጠብቀዋል። አልተሻለም፤ ደግሞ ያጠብቀዋል። እውነቱ ግን ከሌላው ጫፍ ሊሆን ይችላል። ማጣሪያው ከተደፈነ ዲያፍራሙ ሙሉ በሙሉ መመለስ ያቅተዋል። ፒስተኑ ግን ይመለሳል፤ ዘይት ክፍሉ ውስጥ ክፍተት ይፈጠርና መሙያው ቫልቭ የማያስፈልግ ዘይት ያስገባል። በሚቀጥለው ምት ዘይቱ ተርፏል፣ ዲያፍራሙ ከፊት ያለው ሳህን ላይ ይለጠፋል፣ ትርፉም በማስተንፈሻው ይወጣል። ማስተንፈሻው ሥራውን ነው የሠራው። እሱን ማጥበቅ ዲያፍራሙን ለመቅደድ መዘጋጀት ነው።

መለያው ቀላል ነው፦ ማስተንፈሻው እየተፋ የመግፊያው ጌጅ የተስተካከለበት ግፊት ላይ ካልደረሰ፣ ብሎኑን ትተው መሳቢያውን ይመርምሩ። ማጣሪያውም ታንከሩም ደህና ከሆኑ ያኔ የማስተንፈሻው መቀመጫ ላይ ቆሻሻ ይፈለጋል። ዲያፍራሙ ሙሉ በሙሉ ሲመለስ ብቻ የሚከፈት መሙያ ያላቸው ፓምፖች ይህ ችግር አያገኛቸውም፤ ገንዘቡ ካለ እነሱ ይሻላሉ።

ይህ ማስተንፈሻ የፓምፑ ነው። ቱቦው የራሱን ማስተንፈሻ ይፈልጋል።

4. መለካት

መሳቢያው ላይ ምልክት ያለው ግልጽ ቱቦ ይተከላል። ሞልተውት የታንከሩን ቫልቭ ይዝጉ፤ ፓምፑ ከቱቦው ብቻ ሲጠጣ 60 ሰከንድ ይቁጠሩ። 600 ሚሊ ሊትር ከጎደለ በሰዓት 36 ሊትር ነው። መግፊያውን ነቅሎ ባልዲ ውስጥ መለካት ግን ዋጋ የለውም፤ ግፊት የለበትምና ትክክለኛውን አይነግርዎትም። 100፣ 75፣ 50 እና 25 በመቶ ላይ ለክተው በወረቀት ይሳሉ። ኤፒአይ 675 የተባለው የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም መስፈርት የሚጠይቀው የ1 በመቶ ትክክለኛነት በ10 ለ 1 ክልል፣ ማለትም ከ100 እስከ 10 በመቶ ባለው፣ ውስጥ ነው፤ ከ10 በመቶ በታች አይመኑት፤ ፈሳሹን ማቅጠን ይሻላል።

ልኬቱ በየጊዜው ከተለዋወጠ መጀመሪያ የኳስ ቫልቮቹን ፈትተው ይጠቡ። በረኪና የሚገፋ ፓምፕ ቫልቮቹ ላይ ነጭ ደለል ይይዛል። ደለሉን በአሲድ ከማጠብ በፊት ግን የፓምፑን ጭንቅላት፣ ማለትም ኬሚካሉ የሚያልፍበትን ክፍል፣ በብዙ ውሃ ያለቅልቁ፤ በረኪናና አሲድ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ዘይቱ ነጭ ከሆነ ወይም ከማጠራቀሚያው ምልክት በላይ ከወጣ ዲያፍራሙ ተቀዷል፣ ኬሚካሉ ገብቷል። ውጭ ሳይንጠባጠብ ዘይቱ ከጎደለ ደግሞ ኬሚካሉ ውስጥ ሄዷል፤ መስመሩ የመጠጥ ውሃ ከሆነ ፓምፑ በዚያው ሰዓት ይቁም።