ኮከባችሁን ለሌላ ቡድን ለውጣችሁ ከመስጠታችሁ በፊት፦ ለዳር ሰፈር የቅርጫት ኳስ ቡድኖች

ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በክረምት ነው። ሜዳው ውሃ ይቋጥራል፣ ልምምድ ይቋረጣል፣ ከዚያ ከመሃል ከተማ ያለ አንድ ቡድን ሰው ይልክና «ያንን ልጅ ልቀቁልን፣ በምትኩ ሁለት ተጫዋች እንሰጣችኋለን» ይላል። የካ አባዶም ይሁን ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ፣ ቡድኑ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «እሱ ከሄደ አለቀልን» ይላል፣ ግማሹ «ኳስ አይለቅም፣ ይሂድ» ይላል። ሁለቱም ወገን የሚከራከረው ስለ ልጁ ነው። መልስ የሚያስፈልጋቸው ጥያቄዎች ግን ሌሎች ናቸው፦ እሱ የሚጫወታቸውን 30 ወይም 35 ደቂቃዎች ማን ይሞላቸዋል? እናንተ ባትለቁትስ ይቆያል?

ደብተር ሳይኖር ውይይት አትጀምሩ

ቢያንስ የ8 ጨዋታ መዝገብ ያስፈልጋችኋል። ከሌላችሁ ውሳኔውን አቆዩትና መመዝገብ ጀምሩ። ሁለት ሰው መድቡ፤ አንዱ እያየ ይናገራል፣ ሌላው ይጽፋል። አንድ ሰው ብቻውን ሁለቱንም ሲሠራ፣ ሊጽፍ ባቀረቀረበት ቅጽበት ያመለጠውን በግምት ይሞላዋል። ከሁሉ ቀድሞ ከመዝገብ የሚጠፋውም በእጅ የጠፋ ኳስ ነው፤ የተቀማ፣ ወደ ውጪ የተወረወረ፣ በእርምጃ የተፈረደ።

የሚጻፈው ይህ ነው፦ ኮከቡ በገባና በወጣ ቁጥር ሰዓቱና ውጤቱ፤ የእያንዳንዱ ተጫዋች ሙከራ፣ ያገባው፣ ነፃ ምቱ፣ ያጠፋው ኳስ። ሪባውንድና (ተስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) አሲስት (ወዲያው ለገባ ኳስ ያበቃ ቅብብል) ሰው ከተረፋችሁ ጨምሩ። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የመጀመሪያው ነው።

ለምሳሌ እሱ ሜዳ ላይ በነበረባቸው 32 ደቂቃዎች ቡድኑ በ6 ነጥብ በለጠ፣ በተቀመጠባቸው 8 ደቂቃዎች ግን በ9 ተበለጠ እንበል። ጨዋታው በ3 ነጥብ ሽንፈት ያልቃል፤ ተመልካቹም «ኮከብ እያለን ተሸነፍን» እያለ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ደብተሩ የሚናገረው ሌላ ነው፤ ሽንፈቱ ያለው 8ቱ ደቂቃ ውስጥ ነው። ይህ ቡድን የሚያስፈልገው አንድ ደህና ተቀያሪ ነው፣ ልውውጥ አይደለም። በተቃራኒው ቡድኑ እሱ ሲኖርም ሲቀመጥም ያው ከሆነ፣ ስለ ልውውጥ መነጋገር ተገቢ ነው።

ይህ ቁጥር በሦስት መንገድ ያታልላል። የአንድ ጨዋታ ውጤት በጣም ይዋዥቃል፤ የ8ቱን ድምር ብቻ ተመልከቱ። በመጨረሻው ሩብ ልዩነቱ ከ20 ካለፈ በኋላ ያሉትን ደቂቃዎች ሰርዟቸው፤ ያኔ ማንም ከልቡ አይጫወትም። እሱ ሲቀመጥ ተጋጣሚውም ምርጦቹን አስቀምጦ ከሆነ ደግሞ ቡድናችሁ ያለ እሱ ከአቅሙ በላይ ጠንክሮ ይታያል። ልጁ 40ውንም ደቂቃ የሚጫወት ከሆነ ጭራሽ የምታወዳድሩት ነገር ስለሌለ፣ በወዳጅነት ጨዋታ በየግማሹ ሆን ብላችሁ 6 ደቂቃ አስቀምጡት።

ቀጥሎ የአገባብ ጥራቱን አስሉ። የነፃ ምቶቹን ብዛት (የሳታቸውንም ጨምሮ) በ0.44 አባዙ፣ የሞከራቸውን ሹቶች ደምሩበት፣ ድምሩን በ2 አባዙ፤ ከዚያ ያስቆጠረውን ነጥብ ለዚህ ቁጥር አካፍሉ። በግማሽ ፈንታ 0.44 የሆነው ነፃ ምት ሁልጊዜ በጥንድ ስለማይመጣ ነው፤ ቅርጫት ካስቆጠረ በኋላ በፋውል የሚሰጥ አንድ ተጨማሪ ምት አለ፣ የቴክኒክ ፋውልም አለ። በ20 ሙከራና በ6 ነፃ ምት 22 ነጥብ ያስቆጠረ ተጫዋች 0.486 ይወጣለታል። በ10 ሙከራና በ4 ነፃ ምት 14 ነጥብ ያስቆጠረው ደግሞ 0.595። ሰፈር የሚያጨበጭበው ለመጀመሪያው ነው። ቁጥሩን በቴሌቪዥን ከምታዩአቸው ተጫዋቾች ጋር አታወዳድሩት፤ ነፋስ ባለበት የአስፋልት ሜዳ የሚጫወቱት የራሳችሁ ልጆች መካከል ብቻ አወዳድሩ።

እዚህ ላይ ብዙ አሰልጣኝ ይቸኩላል። «ያኛው 0.595 ነው፣ ኳሱን ለእሱ እንስጠው» ይላል። አንድ ነገር ይቀራል። ኮከቡ ሜዳ ላይ ባለበት ጊዜ ቡድኑ ከሞከራቸው ሹቶች፣ በ0.44 ከተባዙት ነፃ ምቶቹ እና ካጠፋቸው ኳሶች ድምር ውስጥ የእሱ ድርሻ ስንት ነው? አምስት ሰው እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ 20 በመቶ ይደርሳል። የእሱ 30 ወይም 35 ከሆነ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ሌላው የሚሸሸውን አስቸጋሪ ኳስ የሚወስደው እሱ ነው፤ ጥራቱ ዝቅ ያለበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እሱ ሲሄድ ያ ድርሻ አብሮት አይሄድም፤ አራቱ ይከፋፈሉታል። በ10 ሙከራ ጥሩ የነበረው ልጅ፣ ሁለት ተከላካይ እየመጣበት 16 ሲሞክር ያንኑ ጥራት ይዞ መቆየቱ ያጠራጥራል። ስለዚህ ኮከቡ የቀረባቸውን ጨዋታዎች ለይታችሁ የዚያን ልጅ ቁጥር ተመልከቱ።

200 ደቂቃ

አንድ ጨዋታ 40 ደቂቃ ነው፣ ሜዳ ላይ 5 ሰው አለ፤ የምታከፋፍሉት 200 ደቂቃ ነው፣ አይጨምርም። «አንድ ሰጥተን ሁለት እናገኛለን» የሚለው ቅናሽ የሚመስለው ይህ ስለሚረሳ ነው። ሁለት ሰው ሲመጣ ሜዳው አይሰፋም። በቅርጫት ኳስ አንድ በጣም ጥሩ ተጫዋች ከሁለት መካከለኞች የሚበልጠውም ለዚህ ነው፤ ጥራቱ የሚገባው በአንድ ቦታ ነው።

ወረቀት አውጡና የአሁኑን ክፍፍል በስም ጻፉ፣ ድምሩ 200 ይሁን። ከጎኑ ልውውጡ ቢደረግ የሚኖረውን ጻፉ። ኮከቡ 34 ደቂቃ ነበረው፤ የሚመጣው ሴንተር (ከቅርጫቱ ስር የሚጫወተው ረጅሙ) በአቅሙ 22 ይጫወታል፣ የሚመጣው ጋርድ (ከውጪ ኳስ የሚያመጣው) 18። ድምራቸው 40 ነው፤ 6 ደቂቃ ከነባር ልጅ ይቀነሳል ማለት ነው። የማን? ያ ልጅ ከቡድኑ ጎበዞች አንዱ ከሆነ ኪሳራችሁ እጥፍ ነው። ከኋላ ተቀምጦ የሚጨናነቀው ደካማ ተቀያሪ ከሆነ ግን ልውውጡ መልካም መልክ ይይዛል።

በአሜሪካው ሊግ በኤንቢኤ የሚጫወተው ጎልደን ስቴት ዋሪየርስ በመጋቢት 2012 (እዚህም ከዚህ በታችም ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዋና ነጥብ አስቆጣሪውን ሞንታ ኤሊስን ለሚልዋኪ ሰጥቶ በምላሹ ካገኛቸው መካከል ዋናው ሴንተሩ አንድሩ ቦጉት ነበር፤ ያኔ ደግሞ ተጎድቶ የማይጫወት። በቀጣዩ ሳምንት ደጋፊው የክለቡን ባለቤት በሜዳው ላይ በጩኸት ተቃወመው። በ2015 ቡድኑ ቦጉትን ይዞ ዋንጫ ወሰደ። ልውውጡ የሠራው ኤሊስ የሚይዘውን ኳስ የሚይዝ ስቴፈን ከሪ የሚባል ልጅ ቀድሞ ቤቱ ውስጥ ስለነበረና የጎደለው ረጅም ተከላካይ ስለነበረ ነው። የእናንተን ወረቀት ስታዩ የምትፈልጉት ይህን ነው፦ ኳሱን የሚረከብ ልጅ አሁኑኑ አለ ወይ? «ያድጋል» የሚባል ከሆነ የለም ብላችሁ ቁጠሩት።

ባትለቁትስ ይቆያል?

ኦክላሆማ ሲቲ ተንደር ሁለቱንም አይቷል። በ2016 ኬቨን ዱራንት ውሉ ሲያልቅ ሄደ፣ ክለቡ በምትኩ አንድም ተጫዋች አላገኘም። በ2019 ፖል ጆርጅ መሄድ እንደሚፈልግ ሲናገር ግን ውሉ ሳያልቅ ለክሊፐርስ ሰጠው፤ በምላሹ ገና አንድ የውድድር ዘመን ብቻ የተጫወተውን ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደርን፣ ዳኒሎ ጋሊናሪንና በርካታ የአንደኛ ዙር ምርጫዎችን (ወደ ሊጉ ከሚገቡ አዳዲስ ልጆች የመምረጥ ተራ) ተቀበለ። በ2025 ሼይ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች፣ ክለቡም ሻምፒዮን ሆነ።

ሰፈር ውስጥ ውል የለም፤ የውል ማብቂያን ያህል እርግጠኛ የሆኑ ነገሮች ግን አሉ። ልጁ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ከሆነና ካለፈ፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባው ጎንደር ወይም ጅማ ሊያደርሰው ይችላል፤ ያኔ በነፃ ሄደ ማለት ነው። የሚመጡላችሁ ሁለቱስ ስንተኛ ክፍል ናቸው? ይህን ሳይጠይቁ ሁለት ተፈታኝ ተቀብሎ በመስከረም ባዶ እጅ መቅረት የተለመደ ስህተት ነው።

ቤተሰቡ ተከራይቶ የሚኖር ከሆነ በቅርቡ ይለቅ እንደሆነ ጠይቁ። መንገዱንም አስሉ። በሳምንት 3 ልምምድና 1 ጨዋታ፣ ደርሶ መልስ፣ በአንድ ጉዞ 3 ታክሲ ከሆነ በሳምንት 24 ጊዜ ታክሲ መያዝ ነው። በሰፈራችሁ ታሪፍ አባዙትና ማን እንደሚከፍል በስም ጻፉ። ልምምዱ ማታ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ከሆነ ደግሞ ከጀሞ የሚመጣ ልጅ ከየካ አባዶ ሲመለስ ስንት ሰዓት ቤቱ ይገባል? ለሴቶች ቡድን ይህ ብቻውን ልውውጡን ለመሰረዝ በቂ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ማክሰኞ ይቀራሉ፣ ከዚያ ሐሙስንም።

ሌላም የማይመዘገብ ነገር አለ። ቅዳሜ ጠዋት ትንንሾቹን የሚያሠለጥነው እሱ ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳውን የፈቀደላችሁ በእሱ ምክንያት ከሆነ፣ ከእሱ ጋር የሚሄደው ከ34 ደቂቃ በላይ ነው።

የሚመጣውን መፈተሽ

በራሳችሁ ሜዳ 3 ልምምድና 1 የወዳጅነት ጨዋታ ካላዩት አትቀበሉ። ከዚያ በፊት ግን ሜትር ይዛችሁ ውጡ። ቀለበቱ ከመሬት 3.05 ሜትር መሆን አለበት፤ አስፋልት የተደረበበት ወይም ልጆች የተንጠለጠሉበት ቀለበት ዝቅ ይላል፣ ዝቅ ባለ ቀለበት ደግሞ ሁሉም ሰው ጎበዝ ይመስላል። የሦስት ነጥብ መስመሩንም ለኩ። ዓለም አቀፉ ርቀት ከ2010 ጀምሮ 6.75 ሜትር ነው፤ በድሮው 6.25 የተቀባ ሜዳ ላይ ያገባ ልጅ ውድድር ላይ ሊያጥረው ይችላል። ኳሱ ለወንዶች ቁጥር 7፣ ለሴቶች ቁጥር 6 ይሁን።

ሹቱን ሲደክመው እዩ። አራት ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሮጦ ወዲያው ከ5 ቦታ 10፣ 10 ይሞክር። ጉልበቱን ለማየት በአንድ እግሩ 10 ጊዜ ቁጭ ብድግ ይበል፣ ከዚያ ዘሎ በአንድ እግሩ ይረፍ፤ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ወይም ደረጃ ሲወርድ የሚከዳው ከሆነ ሐኪም ሳያየው ምንም አትፈርሙ። በሲሚንቶ ሜዳ ላይ ያለ ጉልበት ችግር ይብሳል እንጂ አይሻለውም። ከድሬዳዋ የመጣ ልጅ ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት «ትንፋሽ የለውም» ብላችሁ አትፍረዱበት፤ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ሁለት ሦስት ሳምንት ስጡት።

ድርድርና ወረቀት

ለመጀመሪያው ጠያቂ እሺ አትበሉ። ዳላስ ማቬሪክስ በየካቲት 2025 የ25 ዓመቱን ሉካ ዶንቺችን ለሌከርስ የሰጠው ሌሎች ክለቦችን ሳያጫርት በሚስጥር ተደራድሮ ነው፤ አንቶኒ ዴቪስን፣ ማክስ ክሪስቲንና አንድ የ2029 የአንደኛ ዙር ምርጫ አገኘ። ዴቪስ በመጀመሪያ ጨዋታው ተጎዳ፣ ሥራ አስኪያጁ ኒኮ ሃሪሰንም በኅዳር 2025 ተሰናበተ። ለሦስት ቡድን ጠይቁ፤ ሁለቱ እምቢ ቢሉም የልጁን ዋጋ ትማራላችሁ።

ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ የሁለቱም ቡድን ማህተምና ፊርማ፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ የወላጅ ፊርማ። ቋሚ ነው ወይስ በውሰት? የሚመጣው ልጅ በ30 ቀን ውስጥ ካልተገኘ ወይም ጉዳት ከተገኘበት ምን ይሆናል? መልቀቂያው የሚሰጠው የእነሱ መልቀቂያ እጃችሁ ሲገባ፣ በአንድ ቀን ነው። የውድድሩ አዘጋጅ ምዝገባ የሚዘጋበትን ቀን ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ተጫዋች ዓመቱን ሙሉ ተመልካች ነው። ልባችሁ ካመነታ ለአንድ የውድድር ዘመን በውሰት መለዋወጥን እንመርጣለን፤ ሁለቱም ወገን ሳይቀያየም ሊመልስ ይችላል።

ለልጁ መንገር

ከማንም በፊት እሱ ይስማ። አሰልጣኙ ራሱ ቤቱ ሄዶ፣ እናትና አባቱ ባሉበት ይንገረው፤ ምክንያቱን ደብተሩን ይዞ ያሳየው። ካልፈለገ ልውውጡ ቀረ፤ ደመወዝ የማይከፈለውን ልጅ ያለ ፈቃዱ የሚሰጥ ቡድን የቀሩትንም ያጣል። ወሬው በቴሌግራም ግሩፕ ቀድሞ ከደረሰው ምንም ብትሉ አያምናችሁም። በዚያው ዕለት ማታ ለቡድኑ ተናገሩ፣ ቅዳሜ ደግሞ ለትንንሾቹ፤ ቢቻል እሱ ራሱ ይሰናበታቸው።

ከዚያ የእጅ ምልክቶቻችሁን በሙሉ ቀይሩ፤ ከጎን መስመር ኳስ ስታስገቡ የምትጠሩትን ቁጥርም ጭምር። በቀጣዩ ጨዋታ ከፊታችሁ የሚቆመው ሁሉንም በቃሉ ያውቃቸዋል።