ስሜ በየወረቀቱ ሌላ ሆነ፦ የቪዛ ፎርም ችግርና መፍትሄ

ቱሉ ዲምቱ፣ ከፈጣን መንገዱ የክፍያ ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ያላት ቤት አለችኝ። ድሮ ሲቪ ነበር የምንጽፈው። አሁን የሥራችን ግማሽ የቪዛ ፎርም ነው። ፓስፖርት ያስፈልጋል፣ ክፍያ አለ፣ ቀጠሮ በኦንላይን ይያዛል፤ ይሄን ታውቁታላችሁ ብዬ እዘለዋለሁ። የምጽፈው ሰው ተክዞ ወደ ጠረጴዛዬ ይዞት ስለሚመለሰው ነገር ነው።

ምልክት፦ «ስምዎ አይገጥምም»

በቀጠሮ ቀን ከበር ትመለሳላችሁ። ወይም የትኬቱ ስም ከፓስፖርቱ ጋር አልሄድ ይላል። ወይም መስኮቱ ላይ ያለው ሰው «ልጅሽ ከሆነች ለምን የቤተሰብ ስማችሁ ተለያየ?» ይላል። እኔ ጋ የሚመጣው ችግር አብዛኛው ይሄ ነው።

ምክንያት፦ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ፎርሙ ግን ካልሞላችሁለት ወደፊት አይሄድም። ፓስፖርታችን ላይ በአብዛኛው የራስና የአባት ስም አብረው ይጻፉና የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይገባል። ሰው ግን ሥራ ቦታም ሰፈርም የሚታወቀው በሁለት ስም ስለሆነ የአባቱን ስም እዚያ ይከተዋል።

አበበ ከበደ ተስፋዬ የሚባል ሰው አለ እንበል። የእሱ የቤተሰብ ስም «ተስፋዬ» ይሆናል። ልጁ ሰላም አበበ ከበደ ናት፤ የእሷ «ከበደ»። ሚስቱ ስታገባ ስሟን ስለማትቀይር የራሷን አያት ይዛ ትመጣለች። አንድ ማዕድ ላይ ሦስት የቤተሰብ ስም። ለእኛ ምንም የለውም፤ የውጭ አገር ሰው ግን ይጠረጥራል።

አንዲት እናት አውሮፓ ያለች ልጃቸውን ሊያርሱ ቪዛ ፈለጉ። የግብዣ ደብዳቤውን የጻፈው አማቻቸው ነው፤ እንደ አገሩ ወግ የልጅቱን የቤተሰብ ስም ለእናትየውም ለጠፈላቸው። ፎርሙን የሞላው ደላላ የአባታቸውን ስም በአያታቸው ቦታ አስገባ። የባንኩ ደብዳቤ በሁለት ስም ብቻ ነው። ኢንሹራንሱ ደግሞ አንድ ፊደል ጎድሎታል። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ሳሳያቸው «የኔ ልጅ፣ እኔ አራት ሴት ሆንኩ እንዴ?» አሉኝ።

እንደገና ቀጠሮ፣ እንደገና ክፍያ። የሸንገን ቪዛ፣ ማለት አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚሰጡት ቪዛ፣ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ አንዴ ከተከፈለ ቢከለከሉም አይመለስም። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በሚያዝያ 2016 ለኢትዮጵያውያን የመደበኛ መልስ ጊዜውን ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ አድርጎታል። ሕፃኑ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሳ አያቱ ገና መልስ እየጠበቁ ነበር። ገንፎውን በቪዲዮ አዩት።

መፍትሄ፦ ፓስፖርቱን ክፈቱና ፎቶው ካለበት ገጽ ግርጌ ያሉትን ሁለት መስመሮች ተመልከቱ። ብዙ ሰው ማስጌጫ ይመስለዋል። የመጀመሪያው መስመር በ«ፒ» ይጀምርና «ኢ፣ ቲ፣ ኤች» የሚሉ ፊደሎች ይመጣሉ። ከእነሱ ቀጥሎ ያለው የቤተሰብ ስማችሁ ነው። ከዚያ የቀስት ጫፍ የመሰሉ ሁለት ምልክቶች አሉ። ከምልክቶቹ በኋላ ያለው፣ የአባት ስም ጭምር፣ የራስ ስም በሚለው ሳጥን ይገባል። ኤርፖርት ላይ ማሽኑ የሚያነበው ይሄንን ነው። ፎርሙንም ትኬቱንም ኢንሹራንሱንም ከዚህ ቅዱ። ከመታወቂያ አትቅዱ። ከዲግሪ አትቅዱ። ከጭንቅላታችሁ ደግሞ በጭራሽ።

ለጋባዡ የዚህን ገጽ ፎቶ በቴሌግራም ላኩለት። ባንክና መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲጽፉላችሁ ፓስፖርቱን አስቀምጡላቸውና «እንደዚሁ ጻፉልኝ» በሉ፤ ቢሰለቹም ቁሙ። ፀሐይ የምትባል ሴት መጨረሻዋ አንዱ ወረቀት ላይ በ«ዋይ»፣ ሌላው ላይ በ«አይ» ከሆነ ሁለት ሰው ናት። በእስክሪብቶ ማረም? አንድ ልጅ የታተመ ደብዳቤ ላይ አድርጎት ሰነዱን ሰው የነካካው አስመሰለው። ስህተቱ ፓስፖርቱ ላይ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አሳርሙ። ሌላውን ሁሉ ወደ ስህተቱ አታጣምሙ።

የአሜሪካው የኦንላይን ቪዛ ፎርም፣ ዲኤስ 160 የሚባለው፣ አንዴ ከተላከ አይፋቅም። አዲስ ይሞላል፣ አዲስ ቁጥር ይወጣል፣ ቁጥሩ ከቀጠሮው ጋር ይያያዛል። ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ሁሉም ይረሳታል። የእናትና የልጅ ስም ለሚለያይበት ደግሞ የተተረጎመና የተረጋገጠ የልደት ሰርተፊኬት፣ ከአንድ ገጽ ማብራሪያ ጋር። ስለ ባህላችን ድርሰት አትጻፉ፤ አምስት መስመር ይበቃል።

ምልክት፦ ሁለት የልደት ቀን

ጥር 5 ቀን 1988 የተወለደ ልጅ ፓስፖርቱ ላይ 1996 ይላል፣ ሰርተፊኬቱ ላይ 1995። አንዱ ጸሐፊ 8 ደመረ፣ ሌላው 7። ትክክለኛው ጃንዋሪ 14፣ 1996 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መጀመሪያ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ የፈረንጅ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ 8። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ ቀኑ በአንድ ይገፋል። አንዴ ፓስፖርት ላይ የታተመውን ግን በየፎርሙ እንደገና አታስሉት፤ እሱኑ ገልብጡ።

ምልክት፦ «ቀጠሮዎ አልፏል»

ወረቀቱ 8:30 ይላል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከረባት አስሮ፣ ጫማ አስጠርጎ የሄደ ጎረቤት አለኝ። ከእኛ ሰፈር መሀል ከተማ ለመድረስ የጠዋቱን ሰልፍ ታውቁታላችሁ፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት በፊት ውጡ።

ምልክት፦ ፎቶው አይገባም

የአሜሪካው 5 በ5 ሳንቲሜትር ነው፣ ነጭ ጀርባ፣ ያለ መነጽር። የሸንገኑ 3.5 በ4.5። ሰማያዊ መጋረጃ ፊት አትነሱ። እናቶቼ ደግሞ ነጠላውን ያውርዱልን፤ ነጭ በነጭ ላይ ሲሆን ፊት ብቻ አየር ላይ ይንሳፈፋል።

ምልክት፦ ባንክ ውስጥ ብር አለ፣ ግን ተከለከለ

ስቴትመንቱ ስድስት ወር ሙሉ ባዶ ሆኖ በመጨረሻው ሳምንት ግማሽ ሚሊዮን ይገባል። የዘመድ ብር መሆኑን የሚያየው ሁሉ ያውቀዋል። ብሩ የእውነት ከሆነ፣ መኪና ሸጣችሁም ከሆነ፣ የሽያጭ ውሉን አያይዙ። ካልሆነ በትንሹ ሂሳብ ሂዱና የጋባዡን ማስረጃ አጠንክሩ። ደላላ የሠራውን ስቴትመንት ይዞ የሚመጣ ሰው እኔ ቤት ፎቶ ኮፒም አያገኝም። በሐሰት ሰነድ የተያዘን ሰው አሜሪካ ዕድሜ ልኩን ልታግደው ትችላለች፣ እንግሊዝ ለ10 ዓመት። ደላላው በማግስቱ ስልኩን ያጠፋል።

አልፎ አልፎ የማያቸው፦ ለሸንገን ፓስፖርቱ ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር ይቅረው፣ ኢንሹራንሱም ከ30,000 ዩሮ አይነስ። በሸንገን ቪዛ እንግሊዝና አየርላንድ አይገባም። ለሕክምና ሕንድ የምትሄዱ፣ የቢጫ ወባ ክትባት መሥራት የሚጀምረው ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ዋዜማው ላይ ተወግቶ መሄድ እዚያ ደርሶ ለይቶ ማቆያ መግባት ነው።

የመጨረሻዋ ነገር የትኬት ቀን ናት። «14፣ 00:40» ካለ፣ የምትሄዱት 13 ቀን አምሽታችሁ ነው። ቪዛውን ያለ አንድ እንከን ያገኘ ደንበኛዬ በ14 ማታ ሻንጣውን እየጎተተ ትኬቱን ላትምለት መጣ። በርበሬው ከሻንጣው ውስጥ ይሸታል። አውሮፕላኑ ከሄደ ቀኑን ሙሉ ሆኖታል።