ፕሮጀክቱ ይከፈታል፣ ድምፁ የለም

ምልክቱ፦ ቤታችሁ ኮምፒውተር ላይ የሠራችሁትን ዘፈን ይዛችሁ ስቱዲዮ ትመጣላችሁ። ፍላሹን ትሰካላችሁ፣ ፕሮጀክቱ ይከፈታል፣ ትራኮቹ በየስማቸው ተደርድረዋል፣ ሚክሰሩም እንደተዋችሁት ነው። ፕሌይ ስትሉት ግን ዝም። የጠፉ ፋይሎች ዝርዝር ብቻ ይወጣላችኋል።

ምክንያቱ፦ የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌሮቹ የፕሮጀክት ፋይል፣ የኩቤዝ ሲፒአርም ሆነ የኤፍኤል ስቱዲዮ ኤፍኤልፒ፣ የቀዳችሁትን ድምፅ ውስጡ አይዝም። የሚይዘው የትኛው ድምፅ የት ፎልደር እንዳለ፣ የት ላይ እንደተቆረጠና ምን ኢፌክት እንደተደረገበት ነው። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት የተቀዳ አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። የ4 ደቂቃ ዘፈን 30 ትራክ ካለው 1 ጊጋባይት ደረሰ ማለት ነው። እና የ900 ኪሎባይት የፕሮጀክት ፋይል ብቻ ይዛችሁ መጥታችሁ «ሙሉው ይኸው ነው» አትበሉኝ።

አንድ ወጣት አቀናባሪ እንዲህ ብሎኝ ያውቃል። ማሲንቆውን ቤቱ ቀድቶታል፤ የተጫወቱት አባት አገራቸው ገብተዋል። «ላፕቶፑ ላይ አለ አይደል?» ስለው አንገቱን ደፋ፦ «ጋሼ፣ ትናንት ፎርማት አስደረግኩት።» የተረፈው ስልኩ ላይ የነበረ ኤምፒስሪ ነው፤ ማሲንቆው ከከበሮው ጋር ተደባልቆ። ሌላ ተጫዋች አምጥተን ቀዳን። ኖታው ልክ ነው፤ የሰውየው የቀስት አሳሳብ ግን የለም።

ሌላው ደግሞ ሳምፕሉን (ዘፈኑ ውስጥ የሚጠቀምበትን ዝግጁ የድምፅ ቁራጭ) ከዳውንሎድስ ፎልደር ጎትቶ የሚያስገባው ነው። ለስድስት ወር ይሠራል፣ ከዚያ ታናሽ ወንድሙ «ኮምፒውተሩን ላጽዳልህ» ይላል።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የሶፍትዌሩም ነው። ሪቨርብ (የማስተጋባት ኢፌክት) ላይ ሪቨርብ ከሚጨምሩልን፣ የገባ ድምፅ ሁሉ ሳይጠየቅ ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ቢገለበጥ ይሻለን ነበር። ኩቤዝ «ልገልብጠው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከሥሩ ደግሞ «ዳግም አትጠይቀኝ» የሚል ሳጥን አለ። ሌሊት ደክሟችሁ ሳትገለብጡ እሱን ምልክት ካደረጋችሁ ዋጋውን ሌላ ቀን ትከፍላላችሁ።

መፍትሄው፦ ኩቤዝ ላይ ከፋይል ሜኑ «ባክ አፕ ፕሮጀክት»፣ ኤብልተን ላይ «ኮሌክት ኦል ኤንድ ሴቭ»፣ ኤፍኤል ላይ ኤክስፖርት ውስጥ «ዚፕድ ሉፕ ፓኬጅ»። ሪፐር ላይ «ሴቭ አዝ» ስትሉ ሚዲያውን ሁሉ ወደ ፕሮጀክቱ ፎልደር የሚገለብጠውን ሳጥን ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ አጫውቱ። በራሳችሁ ኮምፒውተር መሞከር ዋጋ የለውም፤ ድምፁን ከድሮው ቦታ አንስቶ ይሸነግላችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የጠፉ ፋይሎች ዝርዝር ሲወጣ ደንግጣችሁ ሴቭ አትበሉ። ኩቤዝ ላይ «ሪሙቭ ሚሲንግ ፋይልስ» የሚለውን በፍጹም አትንኩ፤ ድምፁ ነገ ቢገኝ እንኳ የሚገባበትን ቦታ ታጠፉበታላችሁ። የድምፅ ፋይሎቹን ስም «ላሳምር» ብላችሁ ከውጭ አትቀይሩ። ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ደውሉ።

የፍላሹ ፎርማት ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ ፋይል አይቀበልም፤ ኤክስፋት አድርጉት (ያለውን ስለሚያጠፋ ባዶ ሲሆን!)።

ፕላጊን (ኢፌክት ወይም መሣሪያ የሚጨምር ተቀጥላ ፕሮግራም) ከጠፋ፦ ክራክ (ሳይከፈልበት የተሰበረ) ነበር፣ እኔ ዘንድ የለም። ትራኩን ዌቭ የድምፅ ፋይል አድርጋችሁ አውጥታችሁ አምጡ።

ስትዘፍኑ ድምፃችሁ ሄድፎን ላይ ከዘገየ ባፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን እየቆራረጠ የሚያቆይበትን መጠን) ከ1024 ወደ 128 አውርዱት፤ ሚክስ ላይ መልሱት።

ዘፈኑ ፈጥኖና ቀጥኖ ከተሰማ በ44.1 ኪሎኸርዝ የተቀዳው በ48 እየተጫወተ ነው። የ4 ደቂቃው በ3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ያልቃል፣ ቶኑም አንድ ተኩል ሴሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ገደማ ይወጣል። የፕሮጀክቱን ሳምፕል ሬት (ይህንን የኪሎኸርዝ ቁጥር) አስተካክሉ እንጂ ቮካሉን በፒች አታውርዱት።

ኩቤዝ ላይ መብራት ሄዶ ሴቭ ካላላችሁ፦ የፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ባክ የሚል ፋይል ፈልጉ፣ መጨረሻውን ወደ ሲፒአር ቀይራችሁ ክፈቱት።