ጤና አዳም ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን

ጤና አዳም አበባው ቢጫ ነው፤ ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ ግን ታሟል። ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ሲረግፍ ሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን "ውሃ ጠምቶት ነው" የሚለው ነው። ካዛንቺስ በረንዳዬ ላይ የነበረውን፣ ከእናቴ ጓሮ ያመጣሁትን፣ የገደልኩት እንደዚህ ብዬ ነው። አሁንም ይቆጨኛል። መጀመሪያ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ። እርጥብ ከሆነ ሥሩ ታፍኗል ማለት ነው። በተለይ ክረምት፣ ሰማዩ በየቀኑ እያጠጣው እኛ ስንጨምርበት፣ ጭቃ የሆነ አፈር ውስጥ ሥሩ ይበሰብሳል። ነቅላችሁ ጠቁሮ የላመውን ሥር ቁረጡ። ከዚያ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅላችሁ መልሳችሁ ትከሉት። ጀሪካን ቆርጣችሁ ከሆነ የተከላችሁት፣ ታቹን በጋለ ሚስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። ከዚያ በኋላ የላይኛው አፈር ሳይደርቅ ውሃ የሚባል ነገር አታሳዩት።

ቀጥኖ ወደ አንድ ጎን ከተንጋደደና አበባ እምቢ ካለ፣ ፀሐይ አጥቷል። መሀል ከተማ ፎቁ በዝቶ ጥላው ጠዋትና ማታ ቦታ ይቀያይራል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ፀሐይ የት እንደሚቆይ እዩ። ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝበት አድርጉት። ፍግ ካበዛችሁበትም ቅጠል ብቻ ይሆናል። የተንዘላዘለውን መስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሲሶውን ከርክሙት፤ ቅጠል የሌለው ደረቅ እንጨት ድረስ ግን አትውረዱ፣ ላያቆጠቁጥ ይችላል። ሲያብብ ጠጋ ብላችሁ እዩልኝ፤ መሀል ላይ ቀድሞ የሚፈካው አበባ 5 የአበባ ቅጠል አለው፣ ዙሪያውን ያሉት 4፤ ጠርዛቸው እንደ ነጠላ ጫፍ ዘርፍ አለው።

ቅጠሉ በሌሊት ተግጦ ካደረ ትል ፈልጉ። ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ ይመስላል፣ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ ስትነኩት ብርቱካንማ ቀንድ አውጥቶ ይገማል። የሎሚን ቅጠል የሚበላው የቢራቢሮ ልጅ ነው። በእጅ ልቀሙት፤ ለቡና የምንቀጥፈው ላይ መድኃኒት አይረጭም።

እጃችሁ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ከወጣ ደግሞ፣ የተክሉ ፈሳሽ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ያቃጥላል። ስትከረክሙ ጓንት አድርጉ፣ እጅጌያችሁን አውርዱ፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሥሩ፤ ሲያበቃ በሳሙና ታጠቡ።