የእርሳስ ወታደሮቻችሁን ከኦክ ቁምሳጥን አውጡ

ከእርሳስ ማዕድን የተሠሩ የድሮ አሻንጉሊት ወታደሮች የምትሰበስቡ፣ ዛሬውኑ ያስቀመጣችሁበትን ቁምሳጥን እዩት። ከኦክ እንጨት የተሠራ ከሆነ አውጧቸው። ኦክ ዕድሜ ቢጠግብም የአሴቲክ አሲድ ትነት ያወጣል፤ አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ ማለት ነው። ትነቱ በተዘጋ ቦታ ሲጠራቀም እርሳሱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። እርጥበት ካለ ደግሞ ይብሳል። ምልክቱ ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄት ነው። ቀለም የሳሳበትንና የመቆሚያውን ሥር ደህና አድርጋችሁ ፈትሹ።

የሚሻለው የብረትና የመስታወት መደርደሪያ ነው፤ ደረቅ ክፍል ውስጥ። ዱቄት ያወጣውን ለብቻው አግልሉት። ዱቄቱ መርዝ ነውና እፍ አትበሉት። ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ፤ ልጆችም አይድረሱበት።

ቀለሙ ቢላላጥ እንኳ እባካችሁ እንደገና አትቀቡ። የለንደኑ አሻንጉሊት ሠሪ ድርጅት ብሪቴይንስ ከ1893 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ የእርሳስ ወታደሮችን ሠርቷል፤ ምርቱ በ1960ዎቹ ቆመ። ቀይ ካፖርት የለበሱት የእንግሊዝ ዘበኞች በብዛት ይገኛሉ። ለእኛ ግን ሌላ ትርጉም ያለው አለ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ድርጅቱ የንጉሠ ነገሥቱን የክብር ዘበኛም ሠርቶ ሸጧል። እሱን ካገኛችሁ፣ የፋብሪካው ቀለም ሲላላጥም ቢሆን አዲስ ከተቀባው በብዙ ይበልጣል። የተሸጠበትን ካርቶንም አትጣሉ፤ ለብቻው አስቀምጡት።