ስለ ሜጂ ዘመን ጃፓን የታሪክ ጽሑፍ እንዴት ይዘጋጃል?

ሜጂ የሚባለው ዘመን ንጉሠ ነገሥት ሜጂ የነገሠበት ከ1868 እስከ 1912 ያለው ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን ስለተጀመረው የጃፓን መዘመን የሚጽፉ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ጉዳዩን ለሁለት ይከፍሉታል፤ በመጀመሪያው ክፍል የባቡር ሐዲዱ፣ ትምህርት ቤቱና ፋብሪካው ይደነቃል፤ በሁለተኛው የኮሪያና የማንቹሪያ (የሰሜን ምሥራቅ ቻይና) ወረራ ይወገዛል። ይህ አከፋፈል ለጸሐፊው ቢመችም ታሪኩን ያዛባል፤ ፋብሪካውን ያቋቋመውና ጦሩን ያዘመተው አንዱ መንግሥት ነበርና፣ ሁለቱም ሥራዎች የተካሄዱት ጎን ለጎን ነው። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር ሁለቱን ሳይነጣጥሉ ለመጻፍ ይረዳል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ዝግነቱ ዘመን ሲጽፉ ጃፓን ከዓለም ፈጽማ ተቆርጣ እንደነበር አድርገው አያቅርቡ። ከሜጂ ዘመን በፊት በንጉሠ ነገሥቱ ስም አገሪቱን ይገዙ የነበሩት የጦር መሪዎች፣ የቶኩጋዋ ሾጉኖች፣ ከ1630ዎቹ ጀምሮ ሕዝባቸው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ቢከለክሉም፣ የሆላንድ ነጋዴዎች በናጋሳኪ ወደብ ደጂማ በተባለች ሰው ሠራሽ ደሴት፣ ቻይናውያንም በዚያው ከተማ ይነግዱ ነበር። ይህ ዝርዝር አስፈላጊ ነው፤ አሜሪካዊው የባሕር ኃይል አዛዥ ማቲው ፔሪ በ1853 አራት መርከቦች ይዞ ሲደርስ፣ የሾጉኑ ባለሥልጣናት ቻይና ከብሪታንያ ጋር ባደረገችው የኦፒየም ጦርነት የደረሰባትን ሽንፈት በእነዚሁ ነጋዴዎች በኩል አስቀድመው ሰምተው ነበርና።

ቀጥሎ ሁለት ውሎችን በአንድ ሠንጠረዥ ያነጻጽሩ፤ በእኔ ግምት የጽሑፉ ዋና ማስረጃ ይህ ነው። በ1858 ጃፓን ከአሜሪካ ጋር በተፈራረመችው ውል መሠረት አሜሪካውያን በቆንስላቸው እንጂ በጃፓን ዳኛ አይዳኙም፤ የቀረጥ መጠንም በውሉ ስለተወሰነ ጃፓን በፈቃዷ ልትለውጠው አትችልም ነበር። በ1876 ደግሞ ጃፓን በጦር መርከብ አስፈራርታ ኮሪያን የካንግህዋን ውል አስፈረመች፤ ቡሳንና ሌሎች ሁለት ወደቦች እንዲከፈቱ፣ በዚያ የሚኖሩ ጃፓናውያንም በራሳቸው ሹማምንት እንዲዳኙ አደረገች። ጃፓን ራሷ ከቆንስላ ዳኝነት የተላቀቀችው በ1899፣ የቀረጥ ነጻነቷን መልሳ የያዘችውም በ1911 ስለሆነ፣ የተጫነባትን ቀንበር ሳትጥል በጎረቤቷ ላይ መጫኗ ከዓመታቱ ብቻ ይታያል።

ከዚያ የገንዘቡን ምንጭ ይከተሉ። በ1873 የወጣው ሕግ ገበሬው የመሬቱን ዋጋ ሦስት በመቶ በጥሬ ገንዘብ እንዲከፍል አስገደደ፤ ብሔራዊ የውትድርና ግዳጅም በዚያው ዓመት ተደነገገ። የገበሬው ዐመፅ ስለበረታ ግብሩ በ1877 ወደ ሁለት ነጥብ አምስት በመቶ ዝቅ ብሏል። ከቻይና ጋር የተደረገው ጦርነት በ1895 ሲያበቃ ግን የሺሞኖሴኪ ውል ለጃፓን ከታይዋን በተጨማሪ 200 ሚሊዮን ታኤል (የቻይና የብር መለኪያ) ካሣ አስገኘላት። አብዛኛው ለምድር ጦርና ለባሕር ኃይል የዋለ ሲሆን፣ ከፊሉ በ1901 ሥራ ለጀመረው ለያዋታ የብረት ፋብሪካ ወጣ። ፋብሪካና ጦርነት በአንድ የሒሳብ መዝገብ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። በ1871 አውሮፓንና አሜሪካን ሊጎበኝ ስለተነሣው የኢዋኩራ ልዑክ ሁሉም ስለሚጽፍ፣ እርስዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያልፉት አይጎድልብዎትም።

በመጨረሻ ጦሩን ማን እንደሚያዝ ይመርምሩ። በ1889 የወጣው ሕገ መንግሥት የጦር አዛዥነቱን ለንጉሠ ነገሥቱ ስለሰጠ፣ የጦር መኮንኖች ካቢኔውን አልፈው በቀጥታ ለዙፋኑ ተጠሪ ነን ለማለት ቻሉ፤ በ1931 በማንቹሪያ የነበረው የጃፓን ሠራዊት፣ የኳንቱንግ ጦር፣ ያለ መንግሥቱ ፈቃድ ወረራ የጀመረው ይህ ክፍተት በፈጠረለት ዕድል ነው። በዚያው ዓመት የታወጀውን፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁትን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ከዚሁ የጃፓን ሰነድ ጋር ማስተያየት ለአማርኛ አንባቢ ይጠቅማል፤ የኛው ከጃፓኑ ብዙ ወስዷል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቅዱስና የማይደፈር መሆኑንም ሁለቱም ይደነግጋሉ።

የማብቂያውን ዓመት አስቀድመው ይወስኑ። በ1905 ቢያቆሙ ጽሑፉ ሩሲያን በማሸነፍ ደስታ ይዘጋና በዚያው ዓመት በጃፓን ጥበቃ ሥር የገባችው ኮሪያ ትረሳለች። ስለዚህ አጭር ጽሑፍ ቢያንስ ኮሪያ ወደ ጃፓን ግዛት እስከተጠቃለለችበት እስከ 1910 ሊደርስ ይገባል፤ የጦር አዛዥነትን ጉዳይ ዋና ነጥብ ያደረገ ግን ከ1931 በፊት ማቆም አይችልም።