የበግ ጸጉርን ፈትሎ ክር ማድረግ፣ ማቅለምና መያዝ

ጥጥ ፈትላችሁ ካወቃችሁ ግማሹ ሙያ በእጃችሁ ነው። የበግ ጸጉር ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለው፦ እርጥብ ሆኖ ሲታሽ ወይም ከሙቅ ውሃ ወደ ቀዝቃዛ በድንገት ሲገባ ይጣበቃል። እያንዳንዱ ጸጉር እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ሽፋን አለው፤ ቅርፊቱ ተከፍቶ እርስ በርሱ ከተያያዘ ማላቀቂያ የለውም። እኔ የመጀመሪያዬን ጸጉር ለማለቅለቅ ቸኩዬ የቧንቧ ውሃ ለቀቅሁበትና ክምሩ በሙሉ አንድ ወጥ ምንጣፍ ሆኖ ወጣ።

ጸጉሩን ዘርግታችሁ እበት፣ እሾህና ገለባ የያዘውን፣ በጣም አጭሩንም ለቅማችሁ አውጡ። ለጀማሪ የሚመቸው ከ7 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው ነው። 60 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውሃ ላይ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ጨምሩና ጸጉሩን አስቀምጡት፤ እስኪሰምጥ በመዳፍ ጫን ማለት ብቻ፣ ማሸትም ማማሰልም የለም። ከ20 ደቂቃ በኋላ አውጡት፤ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ከቆየ የቀለጠው ስብ ተመልሶ ይለጠፍበታል። በእኩል ሙቀት ባለ ንጹሕ ውሃ ሁለት ሦስቴ አለቅልቃችሁ ጥላ ላይ አስጡ። ሲደርቅ ክብደቱ በጣም ቢቀንስ አትደንግጡ፣ የሄደው ስብና አፈር ነው።

የደረቀውን የሽቦ ጥርስ ባላቸው ሁለት ብሩሾች አበጥራችሁ (የውሻ ብሩሽም ይሠራል) እንደ አመልማሎ፣ ማለትም ለፈትል እንደተዘጋጀ የጥጥ ጥቅል፣ ጠቅልሉት። እንዝርቱን ወደ ቀኝ እያሾራችሁ ጸጉሩን አሳሱ። ጀማሪ ሁሉ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። በሁለት እጆቻችሁ መካከል ያለው ርቀት ከጸጉሩ ርዝመት ካነሰ ሁለቱም እጆች ያንኑ ጸጉር ይዘው ይጓተታሉ እንጂ አይሳሳም። ትንሽ አራርቋቸው፣ ወዲያው ይንሸራተታል። ወፍራም ጉብ ካጋጠማችሁ መክረሩን በትንሹ ፈታ አድርጋችሁ ሳቡት። የመጀመሪያው ልቃቂት ጉብጉብ ይበዛዋል፤ እኔ የእኔን ዛሬም አልጣልኩትም።

ሁለት ክር ስትሞሉ አንድ ላይ ግመዷቸው፣ አሁን ግን እንዝርቱ ወደ ግራ ይዙር። አቅጣጫው ሲገለበጥ የሁለቱ ክር ውጥረት ስለሚጠፋፋ የተገመደው ክር አይተበተብም። በወንበር መደገፊያ ላይ በትልቅ ቀለበት ጠምጥማችሁ አራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ጠብቆ ከታሰረ ቀለም የማይገባበት ነጭ ቦታ ይቀራል። ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ስቀሉት።

ለማቅለም መጀመሪያ ደረቁን ክር መዝኑ። ለ100 ግራም ክር 10 ግራም አሉም (ነጭ የማዕድን ጨው) በሙቅ ውሃ ይሟሟል፤ ቀለሙን ከጸጉሩ ጋር የሚያስተሳስረው እሱ ነው። ቀድሞ የራሰውን ክር ጨምራችሁ ቀስ በቀስ እስከ 80 ዲግሪ አሙቁ፣ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት፣ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ይቀዝቅዝ። ውሃው አይንተክተክ። በሌላ ድስት 100 ግራም ደረቅ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ (ብዙ ነው፣ ከአሁኑ ማጠራቀም ጀምሩ) አንድ ሰዓት ቀቅላችሁ አጥልሉ። ሲበርድ ክሩን አስገብታችሁ እንደገና ቀስ ብላችሁ አሙቁ። ከወርቃማ እስከ ብርቱካናማ ይወጣል። የዛገ ሚስማር የተዘፈዘፈበት ውሃ ጠብ ቢደረግበት ወደ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይሄዳል፤ ብረቱ ከበዛ ግን ክሩ ይሰባበራል። እርድ የሚያምር ቢጫ ይሰጣል፣ ፀሐይ ግን ቶሎ ታነጣዋለች፤ እኔ አልመክረውም። የቀለም ድስት ዳግመኛ ለምግብ አይሆንም።

ከዚህ ክር የተሠራ ልብስ በለብታ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል። በረኪና ፈጽሞ አይንካው፤ ጸጉርን ያሟሟዋል። አትጭመቁት፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ጫን ጫን አድርጉና ዘርግታችሁ አድርቁ፤ ከተሰቀለ በራሱ ክብደት ይለጠጣል።

ክሩን የሚበላው የሚበረው ብል ሳይሆን ትሉ ነው፣ ላብና ቆሻሻ ያለበትንም ይመርጣል። ስለዚህ ሳታጥቡ አታስቀምጡ። ብል ከጠረጠራችሁ በላስቲክ አሽጋችሁ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሆነ ማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት ላስቲኩን ወዲያው አትክፈቱ፤ ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል ካልጠበቃችሁ ጤዛው ክሩ ላይ ያርፋል።